የልጆቻችሁ የካርድ ንግድ በእናንተ ስም ነው
በአሜሪካ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣

ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለ ፖኪሞንና ስለ ስፖርት ካርድ ነው። የሕፃን ጨዋታ መስሎ ከታያችሁ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ የታክስ ሰነድ ማዘጋጀት ሲሆን ደንበኞቼ በአብዛኛው የእኛው ሰዎች ናቸው። ከየቤቱ በሚመጣው ወረቀት ላይ የማየው ነገር ስላሳሰበኝ ነው ይህን መጻፌ።

በየቤታችን ሁለት ዓይነት ወላጅ አለ። አንዱ ልጁ ካርድ ሲገዛ ሲያይ “ለዚህ ወረቀት ነው ሌሊት ስሠራ የማድረው?” ብሎ ይቆጣል። ሌላው ልጁ በ20 ዶላር የገዛውን ካርድ በ70 መሸጡን ይሰማና በሄደበት ሁሉ “የኔ ልጅ ነጋዴ ወጥቶታል” እያለ ያወራል። ሁለቱም ቁጭ ብለው ሒሳቡን አላዩም። እኔ የምለምናችሁ እንድትከለክሉም እንድታጨበጭቡም አይደለም፤ ሒሳቡን እንድታዩ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የፖኪሞን ካርድ በጃፓን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ በእንግሊዝኛ ታትሞ አሜሪካ የገባው በ1999። የቤዝቦል ካርድ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ድሮ ከሲጋራ፣ ኋላም ከማስቲካ ጋር እየታሸገ ይወጣ ነበር። በነሐሴ 2022 የሚኪ ማንትል የ1952 ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ዩቲዩበሩ ሎጋን ፖል በ2021 አንድ የፒካቹ ካርድ በ5.275 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ልጆቻችሁ በስልካቸው የሚያዩት እንዲህ ያለውን ዜና ነው። እስከ መጋቢት 2025 ድረስ በዓለም ላይ ከ75 ቢሊዮን በላይ የፖኪሞን ካርድ መታተሙን ግን ማንም አይነግራቸውም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዋጋ ያለው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ጥቂቱን ከብዙው የሚለየው አንዱ ነገር ደረጃው ነው። እኛ አገር ቡና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ናሙናው ታይቶና ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል፤ የካርዱም ነገር እንደዚያው ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ፒኤስኤ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሲሆን የጀመረውም በ1991 ነው። ካርዱ በፖስታ ይላካል፤ ኩባንያው መርምሮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ቁጥር ያለው ወረቀት ተለጥፎበት በደረቅ ፕላስቲክ ታሽጎ ይመለሳል። ልጆቹ ይህን እሽግ “ስላብ” ይሉታል። የሚመረመረው አራት ነገር ነው፦ ሥዕሉ መሀል ላይ በትክክል መቀመጡ፣ ማዕዘኖቹ፣ ጠርዞቹና ገጹ።

ልጃችሁ ይህን ሲሠራ አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀመጡ። ካርዱን በጠርዙ ብቻ ይይዘዋል፤ ጣቱ ሥዕሉን አይነካም። የጠረጴዛ መብራት ሥር አድርጎ በቀስታ ያዘነብለዋል፤ ብርሃኑ በገጹ ላይ ሲሮጥ በቀጥታ ሲያዩት የማይታይ የፀጉር ያህል ጭረት ብቅ ይላል። ከዚያ ጀርባውን ይገለብጥና በማጉያ መነጽር ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ያያል። የፖኪሞን ካርድ ጀርባው ሰማያዊ ስለሆነ ማዕዘኑ ጥቂት እንኳ ከተላጠ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ትታያለች። ያቺ ነጥብ 10 ሊያገኝ የነበረውን ካርድ 9 ልታደርገው ትችላለች። የቤት ሥራውን አሥር ደቂቃ ተቀምጦ መሥራት የሰለቸው ልጅ ለአንድ ማዕዘን ይህን ያህል ትዕግሥት ሲያሳይ ስታዩ፣ “ወረቀት” ብላችሁ የናቃችሁት ነገር ምን እያስተማረው እንደሆነ ይገባችኋል። እኔ ይህን ትምህርት አከብራለሁ።

ግን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ልጁ ደረጃ ያልወጣለት ካርድ በ60 ዶላር ገዛ እንበል። ለደረጃ ማውጫ 25 ዶላር ከፈለ፤ የመላኪያና የመመለሻ ድርሻው 8 ዶላር ሆነ። እጁ ላይ ያለው ካርድ አሁን 93 ዶላር ወጥቶበታል። 10 ካገኘ በ190 ይሸጣል፤ ኢቤይ ከዚያ ላይ 13 ከመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ለገዢው መላኪያ 5 ዶላር ሲቀነስ እጁ የሚገባው 160 ነው፤ 67 ዶላር አተረፈ። ያው ካርድ 9 ቢያገኝ የሚሸጠው በ85 ነው፤ ክፍያው ተቀንሶ 69 ዶላር ይደርሰዋል፤ 24 ዶላር ከሰረ። ከሦስት ካርድ አንዱ 10፣ ሁለቱ 9 ቢወጡ የሦስቱም ጠቅላላ ትርፍ 19 ዶላር ነው። ለዚያች 19 ዶላር 279 ዶላር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ታስሮ ቆየ። ሦስቱም 9 ከወጡ ደግሞ 72 ዶላር ከኪሱ ሄደ።

ልጁ ለጓደኞቹ የሚያወራው ስለ 67ቱ ዶላር ነው። ስለ ሁለቱ 24ቶች አያወራም፤ ብዙ ጊዜ ራሱም አልቆጠራቸውም። ከዚህም በላይ ደረጃውን የሚሰጠው ሰው ነው። አንዱን ካርድ ከእሽጉ አውጥተው ዳግም ቢልኩት የተለየ ቁጥር ይዞ ሊመለስ እንደሚችል በዚህ ንግድ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ካርዱ ከተገመተው በላይ ዋጋ ያለው ሆኖ ሲገኝ ፒኤስኤ የደረጃ ማውጫውን ክፍያ ከፍ ያደርጋል። ጊዜውም እርግጠኛ አይደለም፤ በመጋቢት 2021 የተላከለት ካርድ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ንግድ ነው፤ ቢከስርም ንግድ ነው። ልጁ አይቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ መርጦ አንዲት ካርድ ገዝቷል። ያልተከፈተ ፓኬት መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። በፓኬቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ አብዛኛው ፓኬት ሲከፈት የሚወጣው ነገር ለፓኬቱ የተከፈለውን አምስት ዶላር ገደማ አይመልስም። በፓኬት ተስፋ የሚያደርግ ልጅ ሎተሪ እየቆረጠ ነው፤ ስሙን “ኢንቨስትመንት” ቢለውም። ከዚህ የሚብሰው በስልክ የሚታየው የቀጥታ ስርጭት ጨረታ ነው። ሻጩ ሳጥን ከፊቱ አስቀምጦ ገና ሳይከፍተው ቦታ ይሸጣል፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ ገዢ አንድ ቡድን ይገዛና ከሳጥኑ የዚያ ቡድን ተጫዋች ከወጣ ይደርሰዋል። ብዙዎቹ የሚረባ ነገር ሳይደርሳቸው ይቀራሉ። ሰዓቱ ሴኮንድ ይቆጥራል፣ ሻጩ ይጮኻል፣ ልጁ በጣቱ አንዴ ይጠርጋል፤ ገንዘቡ ሄደ። ይህ የሚሆነው እናንተ ተኝታችሁ ወይም የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆናችሁ ነው፤ ስልኩ ላይ የተመዘገበው የባንክ ካርድም የእናንተ ነው። እዚህ ላይ አልለሳለስም፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ በእናንተ ካርድ እንዲህ ያለ ጨረታ ውስጥ መግባት የለበትም።

አሁን ወደ እኔ ጠረጴዛ ልመልሳችሁ። ኢቤይ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው የራሱን አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም፤ ልጁ የሚሸጠው በወላጅ አካውንት፣ በወላጅ ፈቃድና ክትትል ነው። በየቤቱ ግን ፈቃዱ አለ፣ ክትትሉ የለም። “ባባ፣ አንዴ ሶሻልህን ስጠኝ” ተብሎ የተሰጠ ቁጥር ነው።

በታክስ ወቅት አንድ በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አባት መጡ። ከደብልዩ-2ው ጋር 1099-ኬ የሚባል ፎርም አስቀመጡልኝ፤ ከዘጠኝ ሺህ ዶላር በላይ ሽያጭ በስማቸው ተመዝግቧል። “እኔ እኮ ሸጬ የማውቀው አሮጌ መኪናዬን ብቻ ነው፤ ሰው በስሜ ሠርቶብኛል” አሉ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። “ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ኢቤይ የሚጠቀም ሰው አለ?” አልኳቸው። ዝም አሉና “ልጁ ካርድ ምናምን ይላል” አሉ። ልጁ ተጠርቶ መጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። እያንዳንዱን ካርድ በስንት እንደሸጠው በቃሉ ያውቃል። በስንት እንደገዛው ስጠይቀው ግን ለግማሹ መልስ አልነበረውም። በካርድ ኤግዚቢሽን ላይ በጥሬ ገንዘብ ገዝቷል፤ ከጓደኛ ጋር ተለዋውጧል፤ ደረሰኝ የለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፎርሙ የሚያሳየው ጠቅላላ ሽያጩን ነው፤ ካርዱ የተገዛበት ዋጋ፣ የኢቤይ ክፍያ፣ መላኪያው፣ ደረጃ ማውጫው አልተቀነሰለትም። ዘጠኝ ሺህ የሸጠ ልጅ አንድ ሺህም ላያተርፍ ይችላል፤ ግን ይህን የሚያስረዳ ወረቀት ካልያዘ በመንግሥት ዓይን ትርፍ መስሎ የሚታየው ዘጠኙ ሺህ ነው። ከባንክ መግለጫና ልጁ ከሻጮች ጋር ከተጻጻፈው መልእክት ላይ እየለቀምን የቻልነውን ያህል ሒሳቡን ሠራን። አባትየው ያን ሁሉ ጊዜ ከጎናችን ተቀምጠው ነበር። መጨረሻ ላይ ልጃቸውን አልተቆጡም፤ “ለምን አላሳየኸኝም?” ብቻ አሉት። እሱም “ጠይቀኸኝ አታውቅም” አለ።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በፌዴራል ደረጃ ሽያጩ ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት ካላለፈ ኩባንያው ይህን ፎርም የመላክ ግዴታ የለበትም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ግን የራሳቸው ወሰን አላቸው፤ እሱም 600 ዶላር ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ለምንኖር ፎርሙ ቶሎ ይደርሰናል። ፎርም አልመጣም ማለት ደግሞ ትርፉ ታክስ የለበትም ማለት አይደለም። ልጁ በንግድ መልክ ሠርቶ በዓመት የተጣራ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ፣ ዕድሜው 15ም ቢሆን የራሱን ታክስ ፋይል ማድረግ አለበት። ገቢው በእናንተ ላይ ሲቆጠር ደግሞ የጤና መድን ድጎማችሁንና የታላቅ እኅቱን የኮሌጅ እርዳታ ሊነካ ይችላል። ገንዘቡን ማን እንዳገኘው በሰነድ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ የልጆቹ ሐቀኝነት ነው፤ ይህ ከታክሱ ይልቅ ያስጨንቀኛል። አንድ ምሳሌ ላምጣ። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ከወጡት ካርዶች መካከል የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ በዝና የሚወዳደረው የለም። ከነዚህ አንዱ፣ በአንድ ወቅት የሆኪው ተጫዋች ዌይን ግሬትስኪ ንብረት የነበረው፣ ፒኤስኤ የመጀመሪያውን ደረጃ ያወጣለት ካርድ ነው፤ ነጥቡም 8 ነበር። ቢል ማስትሮ የተባለው የጨረታ ነጋዴ በ2013 የዚያን ካርድ ጠርዝ ራሱ ቆርጦ እንዳስተካከለው ለፍርድ ቤት አመነ፤ በማጭበርበር ወንጀልም ተፈረደበት። ዛሬ ልጆቻችሁ በቪዲዮ የሚያዩት ካርድ የመወልወል፣ ጭረት የማጥፋት፣ የታጠፈ የማቃናት “ዘዴ” የዚያው ሥራ ታናሽ ወንድም ነው። ልጁ ካርድ አሻሽሎ ለገዢው ሳይነግር ከሸጠ አታለለ ማለት ነው፤ የሚያታልለውም በእናንተ ስም ነው። “ማዕዘኑ ላይ ነጭ ነጥብ አለው” ብሎ በማስታወቂያው ላይ ጽፎ አሥር ዶላር ቢያጣ፣ በዚያ ልጅ ኩሩ።

ልጁን ራሱን የሚያታልሉትም አሉ። በ2024 የኒውዮርክ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሁለት ሰዎችን ሁለት ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ የካርድ ማጭበርበር ከሷቸዋል፤ ክሱ ተራ ካርዶችን ከፍተኛ ደረጃ በተጻፈበት የሐሰት እሽግ ውስጥ ከተው ሸጡ የሚል ነው። ሎጋን ፖልም የመጀመሪያ እትም ፖኪሞን ነው የተባለ እሽግ ካርቶን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሲከፈት የወጣው የጂ.አይ. ጆ ካርድ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ከተታለለ የእናንተ ልጅ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከማያውቀው ሰው በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ካለው ትልቅ ሰው አብሮት ይሂድ፤ ቦታውም ፖሊስ ጣቢያ ወይም የካርድ መደብር ይሁን። በግንቦት 2021 ዊስኮንሲን ውስጥ ከአንድ ታርጌት መደብር ውጭ በካርድ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ሽጉጥ እስከ መምዘዝ ተደርሷል፤ ታርጌትም ካርድ በሱቆቹ መሸጥን ለጊዜው አቁሞ ነበር።

በነሐሴ 2025 ጃፓን ውስጥ የሆነውም ከአእምሮዬ አልወጣልኝም። ማክዶናልድ የፖኪሞን ካርድ ከልጆች ምግብ ጋር ሲሰጥ፣ አትራፊዎች ምግቡን በጅምላ እየገዙ ካርዱን ወስደው ምግቡን ሳይነኩት ጣሉት። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል። የወደቀ እንጀራ አንሥተው፣ ስመው የሚያስቀምጡ ሰዎች ልጆች ነን። ልጃችሁ ሱቅ ገብቶ መደርደሪያውን ጠርጎ ሲወጣ ከኋላው አንዲት ፓኬት ልትገዛ ሳንቲሟን ይዛ የመጣች የስድስት ዓመት ልጅ ትኖራለች። ንግድ ወሰን እንዳለው ያን ዕለት ካልነገራችሁት ሌላ ማንም አይነግረውም።

ልጁ ከፍ ብሎ “ኮሌጁ ይቆይ፣ ካርዱ ያዋጣኛል” ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ንገሩት። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አሜሪካዊ ወላጆች የቤዝቦል ካርድ በሳጥን በሳጥን እየገዙ ለልጆቻቸው ኮሌጅ መክፈያ ብለው አስቀመጡ። አምራቾቹ ከልክ በላይ አትመው ስለነበር ከዚያ ካርድ አብዛኛው ዛሬም የሚረባ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። የማይክል ጆርዳን የ1986 የፍሊር ኩባንያ ካርድ፣ 10 ያገኘው፣ በጥር 2021 መጨረሻ በ738,000 ዶላር ተሸጠ፤ በ2022 ያው ዓይነት ካርድ በ200,000 አካባቢ ይገኝ ነበር። ጆርዳን ያው ጆርዳን ነው፣ ካርዱም አልተላጠም፤ የተለወጠው ገዢው ነው።

እንግዲህ ወላጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ሱቅ ያሳደጋችሁ፣ የእናታችሁን የጉሊት ሒሳብ በልጅነታችሁ የያዛችሁ፣ ዕቁብ የምትሰበስቡ ሰዎች ናችሁ። ፖኪሞንን ባታውቁትም ንግድን ታውቃላችሁ፤ ልጁም የጎደለው ያ ነው። በዚህ ሳምንት “ልጄ፣ አካውንቱን ክፈትና አሳየኝ” በሉት። የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የወጣበት ወጪ፣ የተሸጠበት ዋጋ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ወይም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ይኑረው። በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ከሻጩ ወረቀት ይቀበል፣ ቢያንስ የካርዱንና የዋጋውን ፎቶ ያንሣ። ለፓኬት የሚያወጣው ገንዘብ ከንግዱ ሒሳብ ይለይ፤ ልኩም በእናንተ ይወሰን። የባንክ ካርዳችሁን ከስልኩ ላይ አንሡና ለንግዱ ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ አስከፍቱለት። በወር አንድ ቀን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ደምሩት። ከስሮ ከተገኘ አትሳለቁበት፤ የት ላይ እንደከሰረ ራሱ ያግኘው። አትርፎ ከተገኘም ከትርፉ ለታክስ የሚሆነውን ወዲያው አስቀምጡ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሒሳቡን አላሳይም ካለ ግን አካውንቱን ዝጉት። የተከፈተው በእናንተ ስም ነው፤ የምትጠየቁበትም እናንተ ናችሁ።

አክባሪያችሁ